ሙምባይ ላይ 5 ቀን ካለሽ አግራን ለሌላ ጊዜ ተይው፣ አውራንጋባድ ሂጂ

ጥያቄውን ላላነበባችሁ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ጠያቂዋ አባቷን ለልብ ኦፕሬሽን ይዛ ኅዳር መጨረሻ ላይ ሙምባይ ትሄዳለች፣ ኦፕሬሽኑ አልቆ ታላቅ ወንድሟ መጥቶ ሲተካት ለራሷ 5 ቀን ታገኛለች፣ ታሪካዊ ቦታ ማየት ትወዳለች፣ ጉልበቷ ግን ደረጃ ላይ ያስቸግራታል፣ ብሩም እንደልብ አይደለም፣ ዘመድ አዝማዱ ደሞ «ህንድ ድረስ ሄደሽ ታጅ ማሃልን ሳታዪ እንዳትመጪ» እያላት ነው። የት ልሂድ ነው የምትለው።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ለአባትሽ ምህረቱን ያምጣላቸው። እኔ ታሪክ የተማርኩት ፑኔ ነው፣ ከዛም እዛው ሙምባይ ባለችበት ክልል ማሃራሽትራ ቀርቼ ቱሪስት በማስጎብኘት ነው የምተዳደረው፣ ስለዚ ለዚህ አካባቢ እንደማዳላ ከወዲሁ እያወቅሽ አንብቢው። አግራን ለሌላ ጊዜ ተይውና አውራንጋባድ ሂጂ ነው መልሴ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ከሙምባይ አግራ ከ1,200 ኪሎሜትር በላይ ነው። ባቡሩ ውሎ አድሮ ነው የሚደርሰው፣ በፕሌን ካልሽ ደሞ ዴሊ ድረስ 2 ሰዓት፣ ኤርፖርት መጉላላቱ፣ ከዛ በመኪና 3 እና 4 ሰዓት፣ መመለሱም ያው። ከ5ቱ ቀን ሁለት ሁለት ተኩሉ መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። በዛ ላይ ኅዳር የሰሜን ህንድ የጭስ ወቅት ነው፣ ገበሬው የሩዝ ገለባ ያቃጥላል፣ ነፋስ የለም፣ መኪናው ይጨሳል፣ አየሩ ይታፈናል፣ ታጅ ማሃል ፊት ቆመሽ ታጅ ማሃልን የምትፈልጊበት ጠዋት ሁሉ አለ። አርብ ቀን ከደረስሽ ደሞ ጭራሽ ዝግ ነው። አያምርም አላልኩም፣ ያምራል፣ ግን በ5 ቀንና በታመመ ጉልበት የሚያዋጣ አይደለም።

እንደውም የታጅ ማሃል ታሪክ የሚጀምረው አግራ አይደለም። ታጁ የተሰራላት ንግስት ሙምታዝ ማሃል በ1631 14ኛ ልጇን ስትወልድ የሞተችው ቡርሃንፑር ነው፣ ባሏ የሙጋሉ ንጉሰ ነገስት ሻህ ጃሃን ዴካንን፣ የደቡብ ህንድን ደጋ ማለት ነው፣ አስገብራለሁ ብሎ ከነጓዙ ዘምቶ ሳለ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ያ ዘመቻ ካነጣጠረባቸው አንዱ የአህመድናጋር መንግስት ነው፣ እሱን መንግስት ደሞ ሰሜን ህንድን የሚገዙት ሙጋሎች እንዳይውጡት እስከ 1626 ድረስ ቀጥ አድርጎ ይዞ የቆየው ሰው ሀበሻ ነው። ያ ሰው የቆረቆረው ከተማ ነው አውራንጋባድ። እሱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አሁን መንገዱ። አውራንጋባድ ከሙምባይ ወደ ምስራቅ 340 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። ስሙ በ2023 በመንግስት ተቀይሮ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ሆኗል፣ ቲኬትና ካርታ ላይ አዲሱን ስም ታዪያለሽ፣ ሰው ግን ሁለቱንም ይጠራል፣ እንዳትደናገሪ። በባቡር ሲኤስኤምቲ ከሚባለው የሙምባይ ዋና ጣቢያ ተነስተሽ 6 ወይ 7 ሰዓት ትሄጃለሽ፣ ፈጣኑን ቫንዴ ባራት ካገኘሽ ጥሩ፣ ካልሆነ ታፖቫን የሚባለው ጠዋት ይነሳል፣ ኤሲ ያለው የወንበር ክፍል ውስጥ ያዢ፣ ቦታ ቶሎ ስለሚያልቅ አባትሽ ሆስፒታል እያሉ ቀደም ብለሽ አስቆርጪ። አጋጣሚውን ተጠቅመሽ ደሞ ጣቢያውን ራሱን እዪው፣ በ1880ዎቹ እንግሊዞች የሰሩት፣ በ2004 ዩኔስኮ የመዘገበው ህንጻ ነው፣ ያውም በነጻ። በፕሌን አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፣ አንዳንዴ ዋጋው ከባቡሩ ብዙም አይርቅም፣ አወዳድሪ።

እንግዲህ ኤሎራ። ከከተማው 30 ኪሎሜትር ነው። 34 ዋሻዎች አሉ፣ ዋሻ ስልሽ ተፈጥሮ የሰራችው እንዳይመስልሽ፣ ሁሉም ከአለቱ በሰው እጅ የተፈለፈሉ ቤተ መቅደሶችና ገዳማት ናቸው፣ ከ1 እስከ 12 የቡድሂስት፣ ከ13 እስከ 29 የሂንዱ፣ ከ30 እስከ 34 የጄይን፣ ጄይን ሌላው የህንድ ጥንታዊ ሃይማኖት ነው። በ600 እና በ1000 መሃል ባሉት ዓመታት የተሰሩ ናቸው፣ ሶስቱም ሃይማኖት እዛው አንድ ገደል ላይ ጎን ለጎን። ብዙ ሰው ከ1 ጀምሮ በተራ ልሂድ ይላል፣ 12 ላይ ሲደርስ ይደክመውና ዋናውን በድካም ያየዋል። አንቺ እንደዛ እንዳታደርጊ፣ በጠዋት ሰው ሳይበዛ ቀጥታ 16 ቁጥር ግቢ።

16 ቁጥር ካይላሳ ነው። ባንድ ወጥ አለት የተሰራ ሙሉ ቤተ መቅደስ፣ ግቢው፣ በሩ፣ ሁለት ትላልቅ ዝሆኖች፣ ምሰሶዎች፣ ፎቁ፣ ጣሪያው፣ አንድም ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልተጫነም። ጉድጓዱ ርዝመቱ 80 ሜትር አልፎ ይሄዳል፣ ወርዱ 46 አካባቢ፣ ቁመቱ ወደ 30 ሜትር። ከላይ ወደ ታች ነው የተጠረበው፣ መጀመሪያ ዙሪያውን ቦይ ቆፍረው መሃል ላይ ጉብታ አስቀሩ፣ ከዛ ጉብታውን ከጣሪያው ጀምረው እየቀረጹ ወረዱ። ስለዚ ስካፎልዲንግ አላስፈለጋቸውም፣ ግን ጣሪያ ላይ ሆነው ሲቀርጹ ወለሉ ላይ ምን እንደሚሆን ቀድመው ማወቅ ነበረባቸው፣ የተቆረጠ አለት ተመልሶ አይቀጠል። የወጣው ድንጋይ እስከ 200,000 ቶን ይገመታል። ያሰራው ራሽትራኩታ የሚባለው ስርወ መንግስት ንጉስ ቀዳማዊ ክሪሽና ነው ይባላል፣ የነገሰው 756 አካባቢ ነው፣ ከሱ በኋላ የመጡትም ሳይጨምሩበት አልቀሩም።

ላሊበላን ካየሽ ቤተ ጊዮርጊስ ፊት ቆመሽ የተሰማሽ ነገር እዚም ይመጣብሻል፣ ዘዴው አንድ ነው፣ ከላይ ወደ ታች። በመሃላቸው ግን 400 ዓመት አካባቢ አለ፣ ድንጋዩም የተለያየ ነው፣ አንዱ ከሌላው ተማረ የሚያስብል ማስረጃም የለም። ዩቱብ ላይ ስለሁለቱም የሚወራ ብዙ ጉድ አለ፣ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሰሩት ምናምን። ግድግዳውን ጠጋ ብለሽ እዪው፣ የመሮው ምልክት አሁንም አለ፣ መሮ ደሞ የሰው እጅ ነው የሚይዘው። በነገራችን ላይ የዛሬው ጥቁር ግራጫ መልኩ አያታልሽ፣ ሲሰራ በነጭ ልስን ተለስኖ ቀለም ተቀብቶ ነበር፣ ልስኑ ጥግ ጥጉ ላይ ተርፏል። በደቡብ በኩል ራቫና የሚባለው ባለ ብዙ እጁ የላንካ ንጉስ፣ የሂንዱ አምላክ ሺቫና ሚስቱ ፓርቫቲ የተቀመጡበትን ተራራ ከስር ሆኖ ሲነቀንቅ የሚያሳይ ቅርጽ አለ፣ እሱ ጋር ጊዜ ስጪ፣ ፓርቫቲ ደንግጣ ባሏን ስትይዝ ሺቫ በእግር ጣቱ ብቻ ተራራውን ሲጫነው።

ለጉልበትሽ ግቢው ሜዳ ነው፣ ወደ ዋናው ማምለኪያ ክፍል የሚወጣው ደረጃ ነው የሚያስቸግረው፣ ባትወጪውም ብዙ አይቀርብሽም። ከገደሉ ጫፍ ሆኖ ቁልቁል ማየት ይቻላል፣ ፎቶውም ከዛ ነው የሚያምረው፣ ግን ዳገቱ ለአንቺ አይመከርም። ከ16 ቀጥሎ 10 ቁጥርን እዪ፣ ጣሪያው እንጨት እንዲመስል የጎድን አጥንት የመሰለ ነገር እየወጣበት ተፈልፍሏል፣ የአናጺው ዋሻ የሚሉት ለዛ ነው። ከዛ በመኪና ወደ 32፣ የጄይኖቹ፣ ትንሽ ናት ግን ቅርጻቷ ከሁሉም ይረቃል። ሌላውን ብትዘይው አይቆጭሽም።

ወደ ኤሎራ ስትሄጂ መንገድሽ ላይ ዳውላታባድ ምሽግ አለ፣ 200 ሜትር የሚያህል ሾጣጣ ተራራ ነው፣ ወገቡን ዙሪያውን ጠርበው ግድግዳ አድርገውታል። በ1327 ሙሃመድ ቢን ቱግሉክ የዴሊ ሱልጣን ዋና ከተማዬ እዚ ይሁን ብሎ ባለስልጣኑንና የዴሊን ታላላቅ ሰው 1,000 ኪሎሜትር በላይ አስጉዞ አመጣ፣ ቆይቶ ደሞ ተመለሱ አለ። ጫፉ ድረስ ከ700 በላይ ደረጃ ነው፣ አንቺ እንዳትሞክሪው፣ ታች ሜዳው ላይ ያለውን ቻንድ ሚናር የሚባለውን ከ60 ሜትር በላይ የሆነ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ማማና የምሽጉን በሮች አይተሽ ውጪ፣ አንድ ሰዓት ይበቃል።

አሁን ወደ ሀበሻው። ማሊክ አምባር በ1548 አካባቢ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ፣ የትውልድ ስሙ ቻፑ ነበር ይባላል። ልጅ ሆኖ ተሸጠ፣ ቀይ ባህርን ተሻግሮ በየመን በባግዳድ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ መጨረሻ ላይ ዴካን ደረሰ፣ እዛ የገዛው የአህመድናጋር ሱልጣን ዋና ሚኒስትር ቻንጊዝ ካን ነው፣ የሚገርመው እሱ ራሱ በባርነት የመጣ ሀበሻ ነበር። ያኔ ዴካን ላይ በባርነት የመጣ ሀበሻ ወታደር ሆኖ፣ አዛዥ ሆኖ፣ መሬት ተሰጥቶት ባለስልጣን መሆን የተለመደ ነገር ነው። ጌታው ሲሞት አምባር ነጻ ወጣ፣ ፈረሰኛ አሰባስቦ ለከፈለው ሁሉ ሲዋጋ ከርሞ በ1600 ሙጋሎች የአህመድናጋርን ምሽግ ሲይዙ መንግስቱ አበቃለት ሲባል፣ ከንጉሳዊው ዘር አንዱን ፈልጎ አነገሰው፣ ሴት ልጁን ዳረለት፣ ራሱ እንደራሴ ሆኖ እስኪሞት ድረስ አስተዳደረ።

የሙጋል ጦር በዛን ጊዜ በዓለም ላይ ከነበሩት ትላልቅ ጦሮች አንዱ ነው። አምባር ፊት ለፊት አይገጥማቸውም፣ በቀላል ፈረሰኛ ስንቃቸውን ይቆርጣል፣ ሌሊት ይመታል፣ ገደል ውስጥ አስገብቶ ይከባቸዋል። አብረውት ከተዋጉት የማራታ፣ የማሃራሽትራ ተወላጆች ማለት ነው፣ አለቆች ውስጥ ማሎጂና ልጁ ሻሃጂ አሉ፣ የሻሃጂ ልጅ ደሞ ማሃራሽትራ ዛሬም እንደ አባት የሚያየው ሺቫጂ ነው። የሙጋሉ ንጉሰ ነገስት ጃሃንጊር፣ የሻህ ጃሃን አባት፣ በአምባር የተነሳ እንዴት እንደተንገበገበ ለማወቅ ቤተ መንግስቱ ያሰራውን ስዕል ማየት ይበቃል፣ ጃሃንጊር ሉል ላይ ቆሞ በጦር ላይ የተሰካ የአምባርን ጭንቅላት በቀስት ሲወጋ ያሳያል፣ አቡል ሃሰን የሚባል ሰዓሊ ነው የሳለው፣ አሁን ደብሊን ነው ያለው። በእውኑ አንድ ቀን አልያዘውም፣ አምባር የሞተው በእርጅና ነው። ሲሞት የሙጋሉ ጸሀፊ ሙታማድ ካን ራሱ በውጊያም በአስተዳደርም አቻ አልነበረውም ብሎ መዘገበ፣ የጠላት ጸሀፊ ነው እንግዲህ።

ከተማዋን በ1610 ኪርኪ ብሎ ቆረቆራት። በኋላ አውራንግዜብ የሻህ ጃሃን ልጅ የዴካን ገዢ ሆኖ ሲመጣ በራሱ ስም አውራንጋባድ አላት፣ አሁን ደሞ ሳምባጂናጋር፣ ሳምባጂ የሺቫጂ ልጅ ነው፣ በ1689 ያስገደለውም አውራንግዜብ ነው፣ ስለዚ የስም ለውጡ ለምን ፖለቲካ እንደሆነ ይገባሻል። ከአምባር ጋር አብሮ የተሰለፈው የማሎጂ የልጅ ልጅ ልጅ ስም አምባር በሰራው ከተማ ላይ ተጻፈ ማለት ነው።

የአምባር መቃብር ኩልዳባድ ነው፣ ከኤሎራ ጥቂት ኪሎሜትር ላይ፣ ብዙ አስጎብኚ አይወስድሽም፣ «ማሊክ አምባር ማቅባራ» ብለሽ ለሹፌሩ ቀድመሽ ንገሪው፣ ማቅባራ መቃብር ማለት ነው። ጉልላት ያለው የድንጋይ ቤት ነው፣ ሚስቱ ቢቢ ካሪማም ያለችው እዛው አጠገብ ነው። ወረፋ የለም፣ ብዙ ጊዜ ሰውም የለም። እዛው ኩልዳባድ ውስጥ የአውራንግዜብ መቃብርም አለ፣ ያን ሁሉ ህንድ የገዛ ሰው በኑዛዜው መሰረት ጣሪያ የሌለው አፈር ላይ ነው የተኛው። በ2025 በዚህ መቃብር የተነሳ ናግፑር ከተማ ረብሻ ተነስቶ ስለነበር ፖሊስ ይጠብቀዋል፣ ፓስፖርትሽን ያዢ፣ ስለሱ ከማንም ጋር ክርክር ውስጥ አትግቢ።

ከተማው ውስጥ ባድካል በር አለ፣ አምባር በ1612 ሙጋሎችን ላሸነፈበት መታሰቢያ ያሰራው፣ ባጃጅና ሞተር በስሩ ሲርመሰመስ ታገኚዋለሽ። እኔ ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን ውሃው ነው። ቦታው ደረቅ ስለነበር ከተራራው ስር ያለውን ውሃ በመሬት ውስጥ ቦይና በሸክላ ቧንቧ አድርጎ፣ በየመንገዱ የአየር ማማ እያቆመ፣ ያለ ምንም ሞተር በስበት ብቻ ከተማ አስገባው፣ ናህሬ አምባሪ ይባላል፣ ለዘመናት ከተማውን አጠጥቷል። ከሱ በኋላ በዛው ዘዴ የተሰራ ፓንቻኪ የሚባል የውሃ ወፍጮ አለ፣ እሱን ብታዪ አሰራሩ ይገባሻል።

ታጅ ማሃልን ለሚጠይቁሽ ዘመዶች ደሞ ቢቢ ካ ማቅባራ አለልሽ። የአውራንግዜብ ሚስት የዲልራስ ባኑ መቃብር ነው፣ ንድፉን ያወጣው የታጁ አርክቴክት ልጅ ነው፣ ከሩቅ ታጅ ነው ብለሽ ፎቶ ብትልኪ የሚያውቅብሽ የለም። እብነ በረዱ ግን ጉልላቱና ግርጌው ላይ ብቻ ነው፣ ሌላው ልስን ነው፣ ቀርበሽ ስታዪው የተላላጠ አለ። ወደ ማምሻው ላይ ሄደሽ ከበሩ ራቅ ብለሽ እዪው።

አጃንታ 100 ኪሎሜትር አካባቢ ስለሆነ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፣ ወደ 30 የሚጠጉ የቡድሂስት ዋሻዎች፣ ፈረስ ኮቴ በመሰለ ሸለቆ ላይ። የቆዩት ከክርስቶስ ልደት በፊት 2ኛው ክፍለ ዘመን የተጀመሩ፣ አዲሶቹ እስከ 480 ገደማ። ኤሎራ የምትሄጂው ለቅርጽ ነው፣ አጃንታ ለስዕል። ተረስቶ ጫካ ውጦት ኖሮ በ1819 ጆን ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ነብር ሲያድን አገኘው፣ ከዛ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ 10 ቁጥር ውስጥ ስሙንና ቀኑን ስዕሉ ላይ ጫረበት፣ ዛሬም አለ፣ ያኔ ወለሉ በፍርስራሽ ተሞልቶ ስለነበር ጽሁፉ ከሰው ቁመት በላይ ነው የሚገኘው። 1፣ 2፣ 17 እና 26ን አትለፊ። 1 ቁጥር ውስጥ ሎተስ አበባ የያዘው ፓድማፓኒ የሚባለው የቡድሂስቶች ቅዱስ ስዕል አለ፣ ዝቅ ብሎ የሚያይ አይን፣ እንደገባሽ ጨለማ ነው፣ ታገሺ፣ አይንሽ ሲለምድ ነው ስዕሉ የሚወጣው። ፍላሽ ክልክል ነው፣ ጫማም ይወለቃል፣ ካልሲ ያዢ። መግቢያው ላይ ያለው ደረጃ ይከብድሻል፣ ግን በወንበር ተሸክመው የሚያወጡ ሰዎች አሉ፣ ዋጋውን መመለሻውንም ጨምረሽ ቀድመሽ ተስማሚ፣ እንዳታፍሪ፣ እድሜ የገፉ ህንዶች ሁሉ ይጠቀሙበታል።

ትልቁ ወጥመድ ምን መሰለሽ፣ ኤሎራ ማክሰኞ ዝግ ነው፣ አጃንታ ሰኞ። ቲኬት ስታስቆርጪ ይሄን አይተሽ አስቆርጪ። አንዱን ቀን ለመንገድ፣ አንዱን ለኤሎራ፣ ዳውላታባድና ኩልዳባድ ባንድ መኪና፣ አንዱን ለአጃንታ፣ አንዱን ለከተማው፣ ከዛ መመለስ። ለኤሎራና ለአጃንታ የውጭ ዜጋ 600 ሩፒ ነው የሚከፍለው፣ ለምሽጉና ለቢቢ ካ ማቅባራ 300፣ ከተቀየረ ስትደርሺ ታዪዋለሽ። መኪና ከነሹፌሩ ለቀን ተከራዪ፣ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይበቃል፣ እንደውም የባጃጅ አንዱ ትልቅ ፋብሪካ ዋሉጅ የሚባል ሰፈር እዛው ከተማ ዳር ነው። ሹፌሩ «የሂምሩ ሱቅ ላሳይሽ» ማለቱ አይቀርም፣ ሂምሩ የከተማው የጥንት ሽመና ነው፣ ጨርቁ ቆንጆ ነው ግን ሹፌሩ ኮሚሽን ስላለው ዋጋው ላይ ይጨመርብሻል፣ ራስሽ ፈልገሽ ግቢ። ሆቴል ስትይዢ የውጭ ዜጋ ይቀበላሉ ወይ ብለሽ ደውለሽ አረጋግጪ፣ ርካሾቹ አንዳንዴ የፎርሙን ጣጣ ፈርተው አይቀበሉም። የህንድ ቤተሰብ አብረሽን ፎቶ ተነሺ ብሎ ይከብሻል፣ በክፋት አይደለም፣ ደክሞሽ ከሆነ ፈገግ ብለሽ እለፊ።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባልና ከጾምሽ አንድ ነገር ልብ በይ፣ ህንድ «ቬጅ» ማለት ስጋና እንቁላል የለውም ማለት ነው እንጂ ወተትና ቅቤ አለው። ጊ (ቅቤ)፣ ዳሂ (እርጎ)፣ ፓኒር (አይብ) የለበትም ወይ ብለሽ ጠይቂ። የማሽላ ቂጣ ባክሪ በፒትላ እዘዢ፣ ፒትላ የሽምብራ ዱቄት ወጥ ነው፣ በቃ ሽሮ ነው። ናን የሚባለው ቂጣ ግን እርጎ ስለሚገባበት ተይው። ነጠላም ያዢ፣ መቃብሮቹና ደርጋ የሚባሉት የሙስሊም ቅዱሳን መቃብሮች ጋር ራስ መሸፈን ያስፈልጋል፣ አንዳንዱ ቦታ ውስጠኛው ክፍል ሴት አያስገቡም።

ባህር ከመረጥሽ ከሙምባይ ወደ ደቡብ 160 ኪሎሜትር አካባቢ ጃንጂራ ምሽግ አለ፣ ሲዲ የሚባሉት ከምስራቅ አፍሪካ የሄዱ ሰዎች ዘር ባህር መሃል ሆነው ማራታውም ፖርቹጋሉም ሳይወስድባቸው እስከ 1948 የገዙት፣ ግን ከጀልባ ወደ ደረጃው መዝለል አለ፣ ለጉልበትሽ አልወደድኩትም። ዴሊ ለህክምና የምትሄዱ ሌሎች ሰዎች ካላችሁ ደሞ ለናንተ መልሱ ሌላ ነው፣ ከዴሊ አግራ በጋቲማን ባቡር 1 ሰዓት ከ40 ነው፣ አርብን አስወጥታችሁ ጠዋት ሂዱ ማታ ተመለሱ፣ ከተማው ውስጥም የሁማዩን መቃብር አለ፣ ከታጁ በፊት የተሰራ፣ ታጁ ከየት እንደመጣ ያሳያችኋል።

እና እህቴ፣ ዶክተሩ ስፌት የሚያይበትን ቀን ጠይቀሽ ከዛ አንድ ቀን ቀድመሽ ሙምባይ እንድትገቢ አድርገሽ መመለሻውን ቁረጪ፣ ባቡር ሊዘገይ ይችላል። ቀኖቹ ሲታወቁ የትኛው ቀን ምን እንደሚውል እዚሁ ጻፊልኝ፣ ሰኞና ማክሰኞን አስተካክዬ ቅደም ተከተሉን አወጣልሻለሁ።